ላስቲክ የለበሰ የመፈተኛ ካርድ

አባቴ ወረቀት አያምንም ነበር። ማለቴ፣ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ያምናል፤ ወረቀቱን ራሱን ነው የማያምነው። እንዲህ ያደረገው አንድ ክረምት ነው። ካዛንቺስ የነበረችው የቀበሌ ቤታችን ቆርቆሮ ተበሳስቶ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ የተቀመጠው ሻንጣ ውስጥ ዝናብ ሲገባ ከርሞ፣ መስከረም ላይ ስንከፍተው የአባቴ የሥራ ማስረጃ ሁሉ ገንፎ ሆኖ ጠበቀን። አባቴ ለገሃር ባቡር ጣቢያ፣ እነሱ በፈረንሳይኛ አፍ «አቴሊዬ» በሚሉት ወርክሾፕ ውስጥ ነበር የሚሠራው። ጡረታ ሲወጣ «ማስረጃ ያምጡ» እየተባለ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተ። ያኔ ማለ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን የገባ ወረቀት ሁሉ ላስቲክ ለበሰ።

«ላሚኔሽን» ማለት አይሆንለትም። «ላስቲክ ላልብሰው» ነው የሚለው። የጡረታ ደብተሩ፣ የዕድር ካርዱ፣ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤቴ፣ የእናቴ ፎቶዎች፣ የክትባት ወረቀቴ፣ ኧረ አንዴ የመብራት ደረሰኝ ሳይቀር አልብሶ አግኝቼዋለሁ። ዲግሪዬንማ ገና ጋውኔን ሳላወልቅ ነው ከእጄ ወስዶ ያለበሰው። ቢመቸው እኔንም ያለብሰኝ ነበር። እናቴ ያረፈችው ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ስለሆነ ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና እሱ ነን። አንድ ክፍል ቤት፣ በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለ፤ ወዲያ የሱ አልጋ፣ ወዲህ የኔ፣ መሀል ላይ አንዲት ጠረጴዛ።

እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ። ይሄን አሁኑኑ ልናገርና ይውጣልኝ። ከእናቴ የወረስኩት ነው ይላሉ፤ እሷ ግን ስትቆጣ ያምርባት ነበር፣ ደግሞም ወዲያው ትስቃለች። እኔ ተናግሬም አኩርፌ ነው የማድረው።

የተመረቅኩት በመካኒካል ኢንጂነሪንግ ነው። ስመረቅ ተርባይን የምነድፍ መስሎኝ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ አራት ዓመት ሙሉ ባምቢስ አካባቢ ጀነሬተር የሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ ፕሮፎርማ ስጽፍ ኖርኩ። ሃምሳ ኬቪኤ፣ ድምፅ የማያሰማ፣ የአንድ ዓመት ዋስትና። በቃ፣ መሐንዲስነቴ ይቺው ነበረች። አለቃዬ «ኢንጂነር» ብሎ ሲጠራኝ ራሱ የሚያሾፍብኝ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ በዚያ ሰሞን ነው፣ ከተማው ሁሉ ለአዲሱ ባቡር ሐዲድ እየተቆፈረ፣ መንገዱ አቧራና ጭቃ ብቻ በሆነበት ሰሞን፣ የባቡር ምህንድስና በማስተርስ የሚማሩ ወጣት መሐንዲሶች ከመላ አገሪቱ በመግቢያ ፈተና ሊመረጡ ነው የሚል ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ የወጣው። ወጪው በመንግሥት ነው። ያለፈ ሰው ይማራል፣ ሲጨርስ ባቡር ላይ ይሠራል። ጋዜጣውን አጣጥፌ በቦርሳዬ ይዤ ወጣሁ። ካለፍኩ፣ ፕሮፎርማ በቃኝ ማለት ነው። ከወደቅኩ፣ እዚያችው ወንበር ላይ አርጅቼ መሞቴ ነው። እንደዚያ ነበር የሚታየኝ።

ለአባቴ ሳሳየው መነጽሩን አድርጎ ቀስ ብሎ አነበበ። «ባቡር» የሚለውን ቃል በአውራ ጣቱ ነካ ነካ አደረገው። የድሮው ባቡር ከለገሃር መነሳት ካቆመ ዓመታት አልፈውት ነበር፤ ስለዚያ ነገር አባቴ አንድም ቀን አፉን ከፍቶ ሲያማርር ሰምቼው አላውቅም፤ ግን ወደ ለገሃር የሚሄድ ታክሲ ላይ ሲሆን በመስኮት አያይም ነበር።

«ሸማንደፈር ልትገቢ ነው?» አለኝ። የባቡር ሰዎች እስከ ዛሬ በፈረንሳይ ስሙ ነው የሚጠሩት።

«ፈተናውን ካለፍኩ ነዋ።»

«ታልፊያለሽ» አለና ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። የት እንደሄደ አላጣሁትም። ከአጥራችን ጋር የተያያዘ ሱቅ ያላት ጎረቤታችን አለች፣ እኔ እትዬ የምላት፣ ከዱቄት እስከ ዜና የምትሸጥ ሴት። ለእትዬ ነገሩ ማለት ለካዛንቺስ በድምፅ ማጉያ ነገሩ ማለት ነው። በማግሥቱ ዳቦ ልገዛ ስወጣ «የባቡሯ ሙሽራ!» ብላ እልል አለችብኝ። ገና ሳልፈተን!

ለመዘጋጀት ሦስት ወር ነበረኝ። እውነቱን ልናገር፤ ሦስት ወሩን አላጠናሁም። መጀመሪያ አካባቢ ሞክሬያለሁ። አራት ዓመት ያልነካሁት ካልኩለስ ስገልጠው የሰው አገር ቋንቋ ሆኖ ጠበቀኝ። ከኢንተርኔት ያወረድኩትና ያስጠረዝኩት የባቡር ትምህርት ጥራዝ ደግሞ አለ፣ እሱን እስከ አንድ ቦታ ድረስ ሄድኩበትና ተገተርኩ። ከዚያ ፍርሃት ገባኝ። ፍርሃት የገባው ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፣ ስልኩን ነው የሚያየው። ከሥራ እመለሳለሁ፣ ጠረጴዛዋ ጋ እቀመጣለሁ፣ ጥራዙን እገልጣለሁ፣ ስልኬን ጥራዙ ላይ አድርጌ ፌስቡክ አያለሁ። አባቴ ሬዲዮውን አጥፍቶ፣ ጫማውን አውልቆ በካልሲ እየተራመደ፣ ሻይ አምጥቶ አጠገቤ ያስቀምጥልኛል። «አይዞሽ የኔ እናት፣ በርቺ» ብሎኝ ወደ መጋረጃው ወዲያ ይሄዳል። እኔ እዚያው አፍሬ እቀራለሁ። አፍሬም አላነብም።

ፈተናው ሐምሌ ውስጥ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። የመፈተኛ ካርዴን ሐሙስ ተቀብዬ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት። ተራ ወረቀት ነው፤ ፎቶዬ ተለጥፎበታል፣ መሀሉ ላይ በነጠብጣብ መስመር ተከፍሏል። ፈታኙ እላዩ ላይ ይፈርማል፣ ማህተም ይመታል፣ ግማሹን ቀዶ ያስቀራል፣ ግማሹን ይመልሳል። ይሄው ነው ሥርዓቱ።

ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ዝናብ ሲዘንብብኝ ከሥራ ስመለስ ካርዱ ጠረጴዛዋ ላይ ያብለጨልጫል።

መጀመሪያ አልገባኝም። አነሳሁት። ወፍራም፣ ደረቅ፣ ጠርዙ የሚቆርጥ። በሁለቱም በኩል ላስቲክ። አባቴ ከመጋረጃው ወዲህ ብቅ ብሎ ፈገግ እያለ ያየኛል።

«ዝናቡ እኮ አይታመንም» አለኝ። «ነገ መንገድ ላይ ቢነካብሽስ ብዬ ነው። የፎቶ ኮፒ ቤቷን ልጅ ወፍራሙን አድርጊልኝ ብያት ነው።»

ያን ጊዜ የተናገርኩትን ሁሉ አልጽፈውም። ጮህኩ። የእትዬ ሱቅ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ሁሉ ሰምተዋል። «ይሄ እኮ ይቀደዳል! ይፈረምበታል! ማን ንካልኝ አለህ?» ምናምን። አባቴ «እንዴ፣ እንዴ» ብቻ ነው ያለው። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀርቶ፣ ወዴት እንደሚያደርገው ጠፋው። እኔ ግን አላቆምኩም። «አንተ ምን ታውቃለህ? ዕድሜ ልክህን ብረት ስትቀጠቅጥ ኖረህ ስለ ፈተና ምን ታውቃለህና ነው የምትነካው?» አልኩት።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። እኔ ወለም ብሎኝ አይደለም፤ አውቄ፣ እንዲያመው ብዬ ነው ያልኩት። ሦስት ወር ሙሉ በራሴ ላይ ያጠራቀምኩት ንዴት መውጫ ቀዳዳ አገኘ። ይህን ያወቅኩት ግን በኋላ ነው።

አባቴ ምላጭ አመጣ፣ መብራቱ ሥር ተቀመጠ፣ የላስቲኩን አንድ ጥግ ሰነጠቀ። እጁ ጎበዝ ነው፣ አይንቀጠቀጥም። ግን ላስቲኩ ከወረቀቱ ጋር አንድ ሆኖ ነበር፤ ፎቶዬ አብሮ መላጥ ሲጀምር ምላጩን አስቀመጠ። ከዚያ ጃንጥላውን ይዞ፣ በዚያ ዝናብ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሄደ። ሲመለስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል። «አይለቅም አለች» አለኝ። እራት አልበላንም።

ጠዋት ስነሳ አባቴ ለብሶ ጨርሷል። ለሠርግና ለለቅሶ የሚለብሰው ኮት፣ ክራቫት፣ ጃንጥላ። «የት ነው?» አላልኩትም፤ እንዳኮረፍኩ ነኝ። ታክሲው ውስጥ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተቀመጥን። ከኋላ ሆኜ የአንገቱን ሽበት ሳየው ልቤ ስፍስፍ አለ፤ ግን ይቅርታ ማለት ለካ እንደ መሳደብ ቀላል አይደለም።

ፈተናው የሚሰጥበት ግቢ በር ላይ ዘበኛው ካርዱን ተቀብሎ አገላበጠው። ሳቀ። ሌላውን ዘበኛ ጠራ፣ እሱም አገላበጠ። አባቴ ወደ ፊት ወጣና ኮፍያውን አወለቀ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ» አለው። «እሷ የለችበትም። እኔ ነኝ ሳላውቅ ላስቲክ ያለበስኩባት።»

ዘበኛው ሽበቱን አይቶ መሰለኝ አስገባን። አዳራሹ በር ላይ ደግሞ ከፈታኞቹ ጋር ሌላ ጣጣ። ፈታኙ በእስክሪብቶ ሊፈርም ሞከረ፣ አልጽፍ አለ። ማህተሙን መታ፣ ቀለሙ ላስቲኩ ላይ ተንሸራቶ ተጨማለቀ። ሊቀደው ሞከረ፣ እሱማ ጭራሽ! «ይሄ ምንድነው ጋሼ፣ ታፔላ ነው እንዴ?» አለ። አባቴ አሁንም «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሷ የለችበትም» ይላል። አስተባባሪው ተጠራ፣ ለሱም ደገመው። አስተባባሪው ስልክ ደወለ፣ አባቴ ከስልኩ ወዲያ ላለውም ሰው የሚሰማ ይመስል ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። በመጨረሻ ከአንድ ቢሮ መቀስ መጣ፣ ነጠብጣቡን ተከትለው ቆረጡት፣ በማርከር ፈረሙበት። ስገባ ሃያ አምስት ደቂቃ አልፎ ነበር።

አሁን ስለ ፈተናው። ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ነው። የእንግሊዝኛውና የጠቅላላ ዕውቀቱ ክፍል ቀላል ነበር። ሒሳቡ ላይ ስደርስ አንዱን ጀምሬ ተውኩት፣ ሌላውን ጀምሬ ተውኩት። መጨረሻ ላይ የባቡር ጥያቄዎች አሉ። አንዱ ላይ ሥዕል አለ፤ በአንድ ብረት የተያያዙ ሁለት ጎማዎች ሐዲድ ላይ ቆመዋል። «መኪና ኩርባ ላይ የሚዞረው ጎማዎቹን በተለያየ ፍጥነት በሚያዞር ዲፈረንሻል ነው፤ ባቡር ይህ ሳይኖረው እንዴት ይዞራል? አብራሩ» ይላል። ጥራዜ ላይ የተገተርኩበት ቦታ ራሱ! ሥዕሉን አፍጥጬ አየሁት፣ እሱም አፍጥጦ አየኝ። ባዶውን ተውኩት። ሃያ አምስት ደቂቃ አርፍጄ የገባሁት ሴትዮ፣ ፈተናው ሊያልቅ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ወረቀቴን ሰጥቼ ወጣሁ። ሒሳቡን እናንተው አስሉት።

አባቴ በሩ አጠገብ ጃንጥላውን ዘርግቶ ቆሟል። ሲያየኝ ሮጠ ማለት ይቻላል።

«እንዴት ነበር?»

«ሰዓት አጠረኝ» አልኩት።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ራሴም ደነገጥኩ። አባቴ ዓይኑን መሬት ላይ አደረገ። «በኔ ነው» አለ። «ይቅር በይኝ፣ የኔ እናት።» እሱ ነው ይቅርታ የጠየቀኝ። እኔም ጃንጥላው ሥር ገባሁ።

ውጤቱ መስከረም ላይ ሲለጠፍ ስሜ የለም። ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አየሁት። አልለቀስኩም፤ ቤት ደርሼ «አልገባሁም» አልኩት። ሁለት ቀን ሳይሞላ ሰፈሩ ሁሉ ለምን እንደወደቅኩ ያውቅ ነበር። የነገራቸው እሱ ራሱ ነው። ዕድር ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ለገሃር ከድሮ የሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሻይ ሲጠጣ፤ «ልጄማ ጎበዝ ናት፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁባት። ላስቲክ አልብሼባት ሰዓት አለፈባት።» ሰዉ ከንፈሩን መጠጠልኝ። እትዬ «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» ብላ ግማሽ ኪሎ ብርቱካን በነጻ ሰጠችኝ። ለአባቴ ደግሞ ስም ወጣለት፤ «ጋሼ ላስቲክ»። ሲጠሩት ይስቃል። አብሯቸው ይስቃል!

እንዴት እንዳስቻለኝ አትጠይቁኝ። መጀመሪያ ላይማ እፎይ ብዬ ነበር፤ እውነቴን ነው። ሰነፍ ከመባል አባቷ ያበላሸባት መባል ይሻላል። ሥራ ቦታም እንደ ቀልድ አወራሁት፣ ሳቁልኝ። እየቆየ ግን ውስጤ መቆምጠጥ ጀመረ። አባቴ ላስቲክ ማልበስ አቆመ። ዕድሩ አዲስ ካርድ ሰጥቶት ጠረጴዛዋ ላይ ራቁቱን ለወራት ተቀመጠ። ሻይ ፈስሶበት ጥጉ ጠቆረ፤ አባቴ በእጅጌው ጠረገው፣ መልሶ አስቀመጠው። እኔ ያችን ካርድ ባየሁ ቁጥር ቤቱ ይጠበኝ ነበር።

ጥር አካባቢ ለሁለተኛ ዙር ፈተና እንደሚሰጥ ማስታወቂያ ወጣ። እሑድ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እትዬ ልታየን ገብታ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አባቴ የፈተናውን ነገር ነገራት።

«በሉ እንግዲህ» አለች፣ ጭኗን እየመታች። «ዘንድሮ ጋሼ ካርዱ አጠገብ ዝር እንዳይሉ ዕድራችን ዘብ ያቁም። አንዴ የልጅዎን ዕድል በላስቲክ አፍነውታል፣ ሁለተኛ አንለቅዎትም!»

«እሰሩኝ፣ እሺ» አለ አባቴ እየሳቀ። ሁለቱን እጆቹን አጣምሮ ዘረጋላት።

እትዬ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ክፋት የለባትም፣ ስቃ ስቃ ወደ ሱቋ ሄደች። እኔ ግን እጆቹን ነበር የማየው። እንደ እስረኛ የተዘረጉትን። በሩ እንደተዘጋ ለቅሶዬ መጣ፤ እንደ ልጅ ነው የሚያደርገኝ፣ ንፍጤ ሳይቀር።

«አባዬ፣ ላስቲኩ አይደለም የጣለኝ። እኔ ነኝ። አላጠናሁም። ሰዓት አላጠረኝም፣ ውሸቴን ነው። መልሱን አላውቀውም፣ በቃ አላውቀውም ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው የምንኖረው እኮ፣ ልጄ። ማጥናትና አለማጥናት ይደበቃል? ሻይ ሳመጣልሽ አያለሁ። ሳምንት ሙሉ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ገጽ ላይ ነሽ። ስልኩን ታነሺዋለሽ፣ ታስቀምጪዋለሽ። ገጹ አይገለበጥም።» ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፣ እንዳያስደነግጠኝ። «ፈርታለች አልኩ። ታዲያ ምን ላድርግልሽ? አላስጠናሽ ነገር! ፈተናው ሲደርስ ካርዱን አየሁት። ይቺን እንኳ ደህና አድርጌ ልያዝላት ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዓለሙን ሁሉ እኔ ነኝ ትላለህ? ስም እስኪያወጡልህ?»

«እኔን ምን ያደርጉኛል? ሽማግሌ ነኝ። አንቺ ግን ገና ነሽ። ወዳቂ ብለው አንዴ ከጠሩሽ ይለጠፍብሻል።»

ተነስቼ ጉልበቱን ልይዝ ጎንበስ ስል «ተይ፣ ተይ» ብሎ ክንዴን ይዞ መለሰኝ። በፈተናው ዋዜማ፣ ያን ዓርብ፣ ስላልኩት ነገር፣ ስለ ብረት መቀጥቀጡ፣ ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። ያን ጊዜ ብቻ ነው ፊቱ ትንሽ የተለወጠው። «እሱማ አሞኛል» አለ። ዋሽቶ «ምንም አይደለም» ሊለኝ ይችል ነበር፤ አላለኝም። ለዚህም እወደዋለሁ።

ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ ጥራዜን አወረደ። እንግሊዝኛ አያነብም፤ በሥዕል በሥዕሉ እያየ ገለጠ፣ ገለጠ፣ አገኘና ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋው። «ይቺ ናት ገጽዋ» አለ።

ያችው ናት። ሁለት ጎማ፣ በአንድ ብረት የተያያዙ፣ ሐዲድ ላይ።

«ምንድነው እዚህ ጋ ያልገባሽ?»

«ኩርባ ላይ» አልኩት ንፍጤን እየጠረግኩ። «የውጩ ጎማ ብዙ መንገድ መሄድ አለበት፣ የውስጡ ትንሽ። አንድ ብረት ላይ ከተያያዙ እኩል ነው የሚዞሩት። ዲፈረንሻል የለውም። እንዴት ብሎ ይዞራል?»

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። የማሾፍ መስሎት ነበር መሰለኝ። ከዚያ ተነስቶ ከዕቃ መደርደሪያው ሁለት የፕላስቲክ ኩባያዎች አመጣ፣ ከታች ጠበብ፣ ከአፋቸው ሰፋ የሚሉትን። አፍ ለአፍ ገጥሞ በፕላስተር አጣበቃቸው። የመጥረጊያውንና የመወልወያውን እንጨት ጎን ለጎን አድርጎ አንዱን ጫፍ አልጋው ላይ አስደገፈ፣ ሌላውን ወለሉ ላይ አሳረፈ። ኩባያዎቹን ከላይ ለቀቃቸው። ተንከባለሉ። ወደ ግራ ሄድ አሉ፣ ራሳቸውን መለሱ፣ ወደ ቀኝ ሄድ አሉ፣ ራሳቸውን መለሱ፣ ሳይወድቁ ወለሉ ላይ ደረሱ። ከዚያ ፕላስተሩን ፈታና በቂጣቸው ገጥሞ ለቀቃቸው። ገና ከመነሳታቸው ተምዘግዝገው ወደቁ።

«የባቡር ጎማ ድፍን ክብ እንዳይመስልሽ» አለኝ። «ሾጠጥ ያለ ነው። ወደ ውስጥ ወፈር፣ ወደ ውጭ ቀጠን። ኩርባ ላይ ባቡሩ ወደ ውጭ ይገፋል አይደል? የውጩ ጎማ በወፍራሙ በኩል ይረግጣል፣ የውስጡ በቀጭኑ። ወፍራሙ በአንድ ዙር ብዙ ይሄዳል፣ ቀጭኑ ትንሽ። ራሱ ይዞራል። ዲፈረንሻል ምን ሊያደርግለት?» ጣቱን ሥዕሉ ላይ አሳረፈ። «ሲሄድ ሲሄድ ይበላና ይቺ ሾጣጣነቷ ትጠፋለች። ያኔ ባቡሩ ይናጣል፣ ሰው ይታመማል። እሷን በቶርኖ ማሽን እየላግሁ መመለስ ነበር ሥራዬ። በሚሊሜትር ነው፤ ትንሽ ከሳትሽ ሐዲዱን ይስታል። ሃያ ስምንት ዓመት።»

ሁለት ሳምንት ያፈጠጥኩበት፣ ፈተናው ላይ ባዶውን የተውኩት ነገር፣ ከመጋረጃው ወዲያ ተኝቶ ነበር። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የሚሉት ለካ እኔን ነው።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። ልቆጣ ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር።

«አልጠየቅሽኝማ» አለ። ወቀሳ የለበትም፤ እንደ ተራ ነገር ነው ያለው። «ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ሌላ፣ የጠለቀ ነገር ይሆናል አልኩ። እኔ የማውቀው ሥራውን ነው።»

በሁለተኛው ዙር ፈተናውን አለፍኩ። ካልኩለሱን ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ተቀምጬ እንደገና ከሀ ተማርኩት፤ ያ የራሱ ወሬ ነው። የዚያን እሑድ ግን ስለ ፈተናው አልነበረም ሳስብ የነበረው። ይህ ሰውዬ በየቀኑ ማታ ቤት ሲገባ እጁን በሳሙናና በአሸዋ ያሽ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ውሃውን የማፈስለት እኔ ነኝ። ውሃ እያፈሰስኩ ዛሬ ምን ሠራህ ብዬው አላውቅም። አንድም ቀን።

ኩባያዎቹን ከወለሉ ላይ ለቅሜ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩና ወንበሬን ወደ እሱ አስጠጋሁ።

«ሌላስ?» አልኩት።

«ሌላስ ምን?»

«ሌላስ ምን ትሠራ ነበር? እዚያ፣ አቴሊዬው ውስጥ። ከጠዋት ከገባህ ጀምሮ ንገረኝ።»

አባቴ መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። እኔን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ እንደገና እኔን አየ።

«ጊዜ አለሽ እንዴ?» አለኝ።

«አለኝ፣ አባዬ» አልኩት።